ውሃ ሲመጣ የሚጮህ ሰርኪት፣ የማይጣበቅ ቀለም እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሥራ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ናቸው። አልገረመኝም። መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰው የሰርኪት ቦርዱን እቤቱ ቢሠራ ይሻለዋል። እኔም የምኖረው ለገጣፎ ስለሆነ ችግራችሁን አውቀዋለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «የሰርኪቱን ንድፍ በሌዘር ፕሪንተር አሳትሜ መዳብ በለበሰ ቦርድ ላይ በልብስ ካውያ እተኩሰዋለሁ። ወረቀቱን ሳነሳው ግን ግማሹ መስመር አብሮ ይነሳል። ስህተቴ ምንድን ነው?»

የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ፈሳሽ አይደለም፤ በሙቀት የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ቀልጦ መዳቡን መያዝ አለበት። በኢንክጄት የታተመ የማይሠራውም ለዚህ ነው። መዳቡ ላይ የጣት ቅባት ካለ ቀለሙ አይዝም። ስለዚህ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈትገው፣ በፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል ጥረገው። ከዚያ በኋላ ፊቱን እንዳትነካው፣ ጠርዙን ብቻ ያዝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትተኩሰው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ማታ ከሆነ ችግሩ እዚያ ሊሆን ይችላል። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ደከም ይላል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ከወረደ የካውያህ ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። 1000 ዋት የነበረው ወደ 670 ዋት ይወርዳል። ልብስ ስትተኩስ ላይታወቅህ ይችላል። መዳብ ግን ሙቀቱን ቶሎ ይወስድበታል፣ ካውያው ደግሞ መልሶ ለመጋል ጊዜ ይፈጅበታል። እኔ ሁለት ወር ያህል የወረቀት ዓይነት ስቀያይር ከርሜያለሁ። ነገሩ የገባኝ ሶኬቱን በቴስተር የለካሁ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቦርድ የምሠራው እሁድ ከሰዓት ነው።

እንፋሎቱን አጥፋው። ካውያውን መጨረሻ ሙቀት ላይ አድርገህ አራት ደቂቃ ያህል ተጭነህ ተኩስ፣ ጠርዞቹንም አትርሳ። ሲቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው። ወረቀቱን አትላጠው፤ በአውራ ጣትህ ቀስ እያልክ አሸው። የተቆረጠ መስመር ካየህ በፐርማነንት ማርከር ጠግነው።

ከጀሞ፦ «12 ቮልቱን በ7805 (ቮልት ቀናሽ እቃ) ወደ 5 ቮልት አወርዳለሁ። እቃው እጅ ያቃጥላል። ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። 7805 ትርፉን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ግማሽ አምፔር ከወሰድክበት 3.5 ዋት ሙቀት ያወጣል። ለዚያች ትንሽ እቃ ይሄ ብዙ ነው። ጀርባው ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ እሰርለት። ካልሆነ በኤልኤም2596 የተሠራ፣ ያን ያህል ሳይግል ቮልት የሚቀንስ ዝግጁ ሞጁል ግዛና ተገላገል።

ከሰበታ፦ «ቦርዱ ላይ ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ የሚበላልኝ ኬሚካል፣ ፈሪክ ክሎራይዱ፣ ደክሟል። እናቴ ከቤት አውጣልኝ ትላለች። የት ልድፋው?»

ሲንክም ቦይም ውስጥ አትድፋው። የሟሟ መዳብ አለበት። ወንዝ ከገባ ዓሣና ሌላ የውሃ ሕይወት ይጎዳል፣ የብረት ቧንቧም ይበላል። ደግሞ ደከመ ብለህ አትቸኩል። የፕላስቲክ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ያለበት ሌላ ሳህን ላይ ብታስቀምጠው ብዙ ጊዜ መልሶ ይሠራል። የአሉሚኒየም ድስት ግን እንዳታስጠጋው። እውነትም ካለቀለት ደጅ አውጣውና በሰፊ የፕላስቲክ ባልዲ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለውን ነጭ ዱቄት) በትንሽ በትንሹ ጨምርበት፤ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሲቆም አሳድረው። ታች የተቀመጠውን ዝቃጭ አድርቀህ በፕላስቲክ አሽገው፣ ልጅ ከማይደርስበት አኑረው። አትክልት አጠገብ አይጣል።

እናትህ እውነት አላቸው። የምታስቀምጠውን ፈሳሽ ደግሞ በሃይላንድ እንዳታደርገው። ቡናማ ነው፣ ኮካ ይመስላል። ቤት ውስጥ ሕፃን ባይኖር እንኳ እንግዳ ይመጣል። ወፍራም ፕላስቲክ ፈልግና ላዩ ላይ በትልቁ «መርዝ» ብለህ ጻፍበት።

ከኮዬ ፈጬ፦ «ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። እየተነሳሁ ቧንቧ ማየት ሰለቸኝ። የሚቀሰቅሰኝ ነገር መሥራት እችላለሁ? ሠርቼ አላውቅም።»

ትችያለሽ። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንድ ቢሲ547 ትራንዚስተር፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ለባትሪው ቮልት የሚሆን ባዘር (የሚጮኸው እቃ)፣ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እና ጫፉ የተላጠ ሁለት ሽቦ ይበቃሻል። መዳብ የሚበላ ኬሚካል አያስፈልግሽም። ብሬድቦርድ (እቃው ሳይበየድ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ይሠራል።

የትራንዚስተሩን ጠፍጣፋ ፊት ወደ ራስሽ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገሽ ያዢው። ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው። ኤሚተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ አገናኚ። ባዘሩን በፖዘቲቩና በኮሌክተሩ መካከል አስገቢው፣ የባዘሩ ፖዘቲቭ እግር ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሁን። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሬዚስተሩ በኩል ከቤዙ ጋር አያይዢ። ጫፎቻቸውን ሳይነካኩ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር አራርቀሽ ባልዲው ወለል ላይ እሰሪያቸው። ቧንቧውን ትንሽ ከፍተሽ ባልዲውን ከሥሩ አድርጊና ተኚ።

ውሃው ሁለቱን ጫፎች ሲያገናኝ ትንሽ ከረንት ወደ ቤዙ ይገባል። ትራንዚስተሩ ያንን አብዝቶ ባዘሩን ያስጮኸዋል። ደረቅ ሲሆን ባትሪው የሚሠራው ሥራ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ወራት ይቆያል። መብራት ቢሄድም ይሠራል። ድምፁ ከደከመ ሽቦዎቹን ይበልጥ አቀራርቢያቸው። ሲለምድሽ ሁለተኛ ሠርተሽ ሽቦዎቹን ሮቶው አፍ ላይ እሰሪያቸው። ያኛው ሲሞላ ይነግርሻል። እኔ ቤት ሁለቱም አሉ።

ከገላን፦ «ትራንስፎርመር ሳልጠቀም፣ በካፓሲተር ብቻ ከ220 ቮልት የስልክ ቻርጀር መሥራት ፈልጌ ነበር። ሰርኪቱን ላሳይህ?»

አታሳየኝ፣ አትሥራውም። እንዲህ ዓይነቱ ሰርኪት ከመስመሩ የሚለየው ነገር የለም። ቴስተሩ 5 ቮልት ቢያነብም ስልኩን የያዘው እጅ 220ው ላይ ነው። የሶኬቱ ቮልቴጅ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከ310 ያልፋል። ደህና ባለ 5 ቮልት ቻርጀር ግዛና ሥራህን ከዚያ ወዲህ ጀምር።

ከቡራዩ፦ «ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ቁራሌው በመጣ ቁጥር የተበላሸውን ሬዲዮ አትሽጡ ይለናል። አሁን ደግሞ የብየዳ ካውያ ግዙልኝ ብሎ አስቸገረኝ። የሊዱ (የብየዳው እርሳስ) ጭስ ሳንባውን አይጎዳውም?»

እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የሚታየው ጭስ የፍላክሱ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ሙጫ መሰል ነገር) ነው እንጂ የሊዱ አይደለም። ሊድ በዚያ ሙቀት አይተንም። ቢሆንም ጭሱ ጉሮሮና ሳንባ ይቆጣል፣ ስለዚህ መስኮት አጠገብ ይሥራ። ሊዱ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሥራ፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ታናናሾች ካሉት ሊድ የሌለበትን ይግዙለት። ካውያው ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ማስቀመጫውንና የዓይን መነጽር አብረው ይግዙ። መጀመሪያ አካባቢ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። በባትሪ ከሚሠራ ነገር ውጭ ምንም አይንካ። የድሮ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ጨርሶ አይክፈት፣ ከሶኬት ተነቅለውም ውስጣቸው የቀረው ኤሌክትሪክ ሊገድል ይችላል።

ሬዲዮውን ግን ለቁራሌው አይሽጡበት።