ቼዝ ስጫወት አንገቴን ለምን ያመኛል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ቼዝ ናቸው። ደስ ብሎኛል።

«እሁድ እሁድ ከወዳጄ ጋር ቼዝ እንጫወታለን። ሰኞ አንገቴን ማዞር ያቅተኛል።» አባት፣ ከጅሬን

አባቴ፣ የጎዳዎት አቀማመጥዎ ነው። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ቀና ሲሉ አከርካሪዎ ይሸከመዋል፤ ሲያጎነብሱ ግን ሸክሙ የአንገት ጡንቻ ላይ ይወድቃል። በቅርቡ ቡና ተጠርቼ ሄጄ ሁለት ጎልማሶች ሲጫወቱ አየሁ። እነሱ በርጩማ ላይ፣ ሰሌዳው መሬት ላይ። አገጫቸው ደረታቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አቦሉ ቀርቦ በረካው እስኪደርስ አንዳቸውም ቀና አላሉም! የጅማን በርጩማ እኔም እወደዋለሁ፤ ለሦስት ሰዓት ቼዝ ግን አይሆንም። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ሰሌዳውንም ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ጅማ ላይ አናጢ አይጠፋም። ተራው የወዳጅዎ ሲሆን ደግሞ ተነሥተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ትልልቆቹ ተጫዋቾችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

«እግሬን አጣጥፌ ስጫወት ይደነዝዘኛል።» ከመርካቶ

ጉልበትህ አጠገብ ያለው ነርቭ ተጭኖ ነው። እግርህን ዘርጋ፣ ይለቅሃል። አንድ ባትህ ብቻ ካበጠና ካመመህ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ።

«ውድድር ሲኖረኝ ምግብ አይወርድልኝም። ያዞረኛል።» ተማሪ

እህቴ፣ ቁጭ ብሎ ማሰብም ሰውነትን ያደክማል። የሶቪየት ኅብረት ቼዝ ተጫዋቾቹ ካርፖቭና ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመሩት የዓለም ሻምፒዮና ለአምስት ወር ተጎትቶ፣ 48 ጨዋታ ተደርጎበት ያለ አሸናፊ ተቋረጠ። ካርፖቭ ከስቶ ነበር። አንቺ ዳቦ፣ ሙዝና ውሃ ይዘሽ ሂጂ። በባዶ ሆድ አትቀመጪ።

«ቼዝ የሚጫወት ሮቦት የልጅ ጣት ሰበረ ሲባል ሰማሁ። የ7 ዓመት ልጄን ቼዝ ላስቁመው?» ከፈረንጅ አራዳ

ወሬው እውነት ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሞስኮ ውስጥ የሆነ ነው፤ ያም ልጅ 7 ዓመቱ ነበር። የሮቦቱ ክንድ ሥራውን ሳይጨርስ ልጁ ቶሎ ብሎ ጠጠሩን ሊያንቀሳቅስ እጁን ሰደደ። ክንዱ ጣቱን ይዞ ተጫነው፤ ትልልቅ ሰዎች ተረባርበው አስለቀቁት። አንዳንድ ኃላፊዎች «ልጁ ደንብ ጥሶ ነው» ማለታቸው እስካሁን ያናድደኛል። ልጅ ይቸኩላል። የሰው እጅ ሲነካ የማይቆም ማሽን ሕፃን ፊት መቀመጥ አልነበረበትም። ልጁ ግን በማግስቱ ጣቱ በጄሶ እንደታሰረ ተመልሶ ተጫውቷል። የእርስዎንም ልጅ አያስቁሙት።