ውሻህ ዓይኑ አልደከመም፣ ክፍያው ነው ያዘነበለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ጅብ ሲመጣ ስለሚጮህልኝ፣ በጮኸ ቁጥር ቁራሽ እንጀራ እሰጠው ነበር። አሁን በጨለማ እናቴንም እንደ ጅብ ይነሳባታል። ዓይኑ ደክሞ ይሆን?» ነው ያልከው። ደምበጫ አጠገብ ባለው የወላጆቼ ቤት ይኸው ነገር ደርሶብኛልና ያየሁትን ልንገርህ።

የእኛ ውሻ ቡላ ነበር። ጅብ የበጎቹን በረት መዞር ባበዛበት ክረምት፣ ቡላ በጮኸ ቁጥር ከቤት ሳልወጣ በበሩ ቀዳዳ አጥንት እወረውርለት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሌሊት ለኪዳን የምታልፍ አሮጊት ጎረቤታችንን ነጠላዋን ይዞ ሊጥላት ደረሰ። እናቴ ሮጣ ባትደርስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። ያቺኑ ሴት ግን በቀን ከሩቅ አውቋት ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበላት።

ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ተከታተልኩት። ጨረቃ ያለች ሌሊት ዝም ብሎ ያሳልፋታል። የሚሳሳተው ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን ወይም ነፋሱ ሽታዋን ወደ ሌላ ሲወስደው ነው። እንግዲህ የቡላን ሒሳብ አስበው፦ ጅብ ሆኖ ቢጮህ አጥንት፣ ሰው ሆኖ ቢጮህም አጥንት፣ ዝም ቢል ምንም። በደንብ ሲያይ ያየውን ያምናል፤ ሲጠራጠር ግን ወደሚያበላው ያደላል።

ይህ የውሻ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንጎል ተመራማሪው የዊልያም ኒውሰም ቡድን ጦጣዎችን በስክሪን ላይ የሚርመሰመሱ ነጥቦች ወደየት እንደሚሄዱ እንዲለዩ አሠለጠነ። በትክክል ለለየ ጭማቂ ይሰጠዋል። የአንዱ አቅጣጫ ጭማቂ ከሌላው ሲበልጥ፣ ጦጣዎቹ እንቅስቃሴው በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ብዙም አልተሳሳቱም፤ ነጥቦቹ ሲምታቱ ግን ብዙ ወደሚከፍለው አደሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ላይ እኔን ያስደነቀኝ፣ ነጥቦቹ ገና መንቀሳቀስ ሳይጀምሩ በአንጎላቸው ውስጥ ለውሳኔው የሚሠሩት ሕዋሳት ወደ ትልቁ ክፍያ አዘንብለው መገኘታቸው ነው። ዓይን የሚያመጣው መረጃ የሚደመረው በዚያ ላይ ነው። ሚዛኑ አንድ በኩል ጠጠር ተቀምጦበት እህል እንደ መመዘን በለው።

ቅጣት ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ንብ የምታረቡ ሰዎች ይህን ትወዱታላችሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የንብ ተመራማሪው የላርስ ቺትካና የባልደረቦቹ ሥራ አለ፤ ከማር ንብ በምትወፍረው ጸጉራም ንብ ላይ የተሠራ ነው። ተቀራራቢ ቀለም ካላቸው አበቦች መካከል የተሳሳተው ላይ ስኳር በመከልከል ፈንታ እንደ ኮሶ የሚመር የኪኒን ውሃ ሲያደርጉባቸው፣ ንቦቹ ቆም እያሉ ማየት ጀመሩ፤ ስህተታቸውም ቀነሰ። ይህን ስልህ ግን ውሻህን ምታው ማለቴ አይደለም። የተመታ ውሻ ለጅቡም ዝም ማለትን ነው የሚማረው።

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። ሲጮህ ባትሪ ይዤ እወጣለሁ፤ ጅቡን በዓይኔ ካላየሁ ወይም አዲስ ዱካ ካላገኘሁ አጥንት የለም። በሌላ በኩል እናቴ ሆን ብላ በጨለማ ከጓሮ ትመጣለች፤ ዝም ካለ እሷው በእጇ ታጎርሰዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ጩኸቱ ባሰበት፤ ያጣውን አጥንት ፍለጋ ይመስለኛል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን ሰው ላይ መነሳቱን ተወ።

ዋጋ አላስከፈለንም ልልህ አልችልም። በዚያው ወር አንድ ሌሊት ዘግይቶ ጮኸና አንዲት ጠቦት በጅብ ተበላችብን። በከንቱ መጮሁን ስትቀንስለት እውነተኛው ጅብም አንዳንዴ ያመልጠዋል። የማየት አቅሙ እዚያው ነው፤ የተቀየረው «ልጩህ» የሚልበት ወሰን ነው። ስለዚህ ለጅቡ ሲጮህ የምትሰጠውን አትቀንስበት፤ ጅቡ ሲረጋገጥ ከበፊቱ የበለጠ ስጠው፤ አጥሩንም በእሾህ አጠንክረው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አረጋግጥ። ጨረቃ ባለችበት እናትህን የሚስታት ከሆነ ወይም በቀን ከዕቃ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ያኔ የዓይን ነገር ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም አሳየው። ጠባዩ በድንገት ተለውጦ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ እናትህም ሆነች ልጆቹ አይጠጉት፤ አንተም እንጀራ ላጉርሰው ብለህ እጅህን እንዳትዘረጋ።