ፊልም ላይ ያየሁትን የድሮ ልብስ ብለብስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው አሜሪካ ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ይለበስ የነበረውን ፊልም ላይ ካየሁ ወዲህ በጣም ስለወደድኩት ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት እየፈለግሁ እለብሳለሁ፤ ወገቡ ዳሌ ላይ የሚውል ቀሚስ፣ ረጅም የዶቃ ሐብል፣ እስከ ጆሮ የሚወርድ ባርኔጣ። ጸጉሬንም እንደዚያ ዘመን ሴቶች እስከ አገጬ ድረስ ላሳጥረው አስቤአለሁ። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድም ግን ሶፎንያስ 1፥8ን ጠቅሶ «እንግዳ ልብስ ነው» ብሎ ገሠጸኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ሁሉም በዚያ ዘመን ልብስ የሚመጣበት ድግስ አዘጋጅተው ጠርተውኛል። ልብሱ ኃጢአት ነው? ነጠላ ደርቤበት ቤተ ክርስቲያን ብመጣስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ከወንድማችን ጥቅስ ልጀምር። ነቢዩ ሶፎንያስ እንግዳ ልብስ የለበሱትን የገሠጸው ልብሱ ከባሕር ማዶ ስለመጣ አይደለም። ቁጥር 4ንና 5ን አንብቢ፤ የበኣል ትራፊዎች፣ በሰገነት ላይ ለሰማይ ሠራዊት የሚሰግዱ፣ በእግዚአብሔርም በሚልኮምም የሚምሉ ሰዎች ናቸው። መሳፍንቱ ከአሕዛብ ልብሱንም አምልኮቱንም አንድ ላይ ተቀበሉ። ጥቅሱ ልብሱ የተሰፋበትን አገር ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ወንድማችን ጂንሱን፣ እኔም ኮቴን አውልቀን መምጣት ነበረብን። ካህናቱ የሚቀድሱበት ሐርም ቢሆን የተሸመነው ሽሮ ሜዳ አይደለም።

ነገር ግን የወደድሽውን ለይተሽ እዪው። የዚያ ዘመን የአዘቦት ቀሚስ ሰፊና ቀጥ ያለ ነበር፤ ሰውነት ላይ አይጣበቅም፣ ወገብንም አያጠብቅም። ርዝመቱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከጉልበት በታች ብዙ ይወርድ ነበር፤ ጉልበት ድረስ ያጠረው 1926 እና 27 አካባቢ ነው። እንዲህ ያለው ቀሚስ ዛሬ ከምናየው ብዙ ልብስ ይልቅ ጨዋ ነው፤ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ በሚለው በዘዳግም 22፥5ም አይከሰስም። የማታው ሌላ ነው፤ ክንድ የሌለው፣ ስስ፣ ጀርባው የተከፈተ። ፊልም የሚያሳየን በአብዛኛው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ እሱንም ጨማምሮበት። በፈረንጆቹ 2013 በወጣው፣ ያንኑ ዘመን በሚያሳየው የጋትስቢ ፊልም ላይ ለድግሱ ትዕይንት ከለበሱት ቀሚሶች ብዙዎቹን ያቀረበው ፕራዳ የተባለው የፋሽን ድርጅት ነው፤ ጌጡ ደግሞ ከቲፋኒ። ስለዚህ «የድሮ ዘመን» ብለሽ የወደድሽው የዛሬ ነጋዴ የሰፋው ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለው ጠርተውታል፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም፣ ግን የሚሸጥልሽን ማወቅ አለብሽ።

ታዲያ ቀሚሱ ስንት ሴንቲ ሜትር ይርዘም ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ኦርቶዶክሳዊት በሆነችው ግሪክ ጄኔራል ፓንጋሎስ በ1925 ሥልጣን ይዘው የቀሚስ ርዝመት በሕግ እንዲወሰን፣ ፖሊስም እየለካ እንዲቀጣ አድርገው ነበር። ያተረፉት መሳለቂያነትን ነው። ሐዋርያው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 የጠየቀው ልኬት ሳይሆን እፍረትና ራስን መግዛት ነው፤ ያ ደግሞ የሚመዘነው ለባሿ በምትፈልገው ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሲኒማ ልብስ ብቻ አያሳይም፤ ሰውም ያሳያል። በዚያው ዘመን ተዋናዮቹን ክላራ ቦውንና ሉዊዝ ብሩክስን በፊልም ያዩ ብዙ ልጃገረዶች ጸጉራቸውንም ከንፈራቸውንም አሳሳቃቸውንም በእነርሱ አምሳል አደረጉ። ከልብሱ ጋር የመጣው ሲጋራውም፣ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ጊዜ በስውር ቤት የሚጠጣውም፣ የሁሉንም ዓይን ካልያዝኩ ማለትም ነበረ። መስተዋት ፊት ስትቆሚ ራስሽን ጠይቂ፦ ቀሚሱን ነው የወደድኩት ወይስ ያችን ሴት መሆን? ቀሚሱን ከሆነ አሰፋፉ ያማረ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም። በመጽሐፈ ዮዲት ያለችው ዮዲትም ከጾመችና ከጸለየች በኋላ አምራ ለብሳ፣ አምባርና ጉትቻ አድርጋ ወጥታለች። ያችን ሴት መሆን ከሆነ ግን ልብሱን ብትቀይሪም አይለቅሽም።

ይህን የምለው በፈረንጅ ልብስ ላይ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንኑ የጢሞቴዎስን መልእክት ሲተረጉም፣ በወርቅ ተሸልማ ለጸሎት የመጣችውን ሴት ወደ ዘፈን ነው ወይስ ወደ ሰርግ የመጣሽው ይላታል። እዚያው ላይ ደግሞ ወርቁን የተዉትን ደናግል፣ ተራውን ልብስ በመቀነቱና በጫማው አሳምረው ከወርቅ በላይ ዓይን እንዲስብ ስላደረጉት ይገሥጻቸዋል። ለጥምቀት ሰውነት ላይ ተጣብቆ፣ ጀርባው ተከፍቶ የሚሰፋው የሐበሻ ቀሚስስ? ያንን «ባህላችን ነው» ብለን አልፈን ያንቺን ባርኔጣ ብንገሥጽ እግዚአብሔር አይታዘበንም?

አንድ ነገር ላይ ግን አላመነታም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1922 የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ሉክሶር ላይ ከተገኘ በኋላ የግብፅ ምስል በልብሱም በጌጡም ገባ፤ የፀሐይ አምላካቸው ምልክት የነበረው ጥንዚዛ፣ የሆረስ ዓይን የሚሉት። ዛሬም በዚያ ዘመን ስም በሚሸጠው ጌጥ ላይ አለ። ማዕተብ ባሰርሽበት አንገት ላይ አታድርጊው። አንገቱ ሰፊ ለሆነ ቀሚስ ብለሽም ማዕተብሽን አትፍቺ።

ወደ ድግሱ እንምጣ፤ ከልብሱ ይልቅ ጥያቄ ያለበት እርሱ ነው። የፈረንጆች ዋዜማ ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል፤ የልደት ጾም ገና አልተፈታም። አብዛኛውን ዓመት ደግሞ ዕለቱ ታኅሣሥ 22 ነው፤ የብሥራት በዓል፣ የቅዱስ ደቅስዮስም መታሰቢያ። ታሪኩን በተአምረ ማርያም ሰምተሻል። የተአምሯን መጽሐፍ በፍቅር ስለሰበሰበ፣ በዓሏንም በዚህ ዕለት ስላከበረ እመቤታችን ልብስና ወንበር ሰጠችው፤ ከእርሱ በኋላ የተሾመው ኤጲስ ቆጶስ ያንን ልብስ በድፍረት ለብሶ በወንበሩ ቢቀመጥ ወድቆ ሞተ። ስለ ልብስ እየጠየቅሽኝ ዕለቱ ይህ መሆኑ እኔንም ገርሞኛል። ባልደረቦችሽን አክብረሽ በጊዜ ብቅ ማለት ትችያለሽ፤ ሥጋውንና መጠጡን «ጾም ላይ ነኝ» ብለሽ ተዪው፣ ቢጠይቁሽም አስረጃቸው። እኩለ ሌሊት ድረስ ጭፈራ ላይ መቆየቱን ግን አልመክርሽም፤ በማግስቱ ቅዳሴ የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ተዪው።

ቤተ ክርስቲያን ስትመጪ ረጅም እጅጌ ያለውን፣ ከጉልበት በደንብ የሚወርደውን የቀን ቀሚስ ለብሰሽ ነጠላሽን ብታጣፊ ማንም አይመልስሽም። ባርኔጣው ውጭ ይቅር፤ ራስሽን የምትሸፍኚው በነጠላ ነው። ዘርፍና ላባ ያለውን፣ ስትራመጂ የሚንሿሿውን ዶቃም ቤት ተዪው፤ አጠገብሽ የቆመችው እናት ጸሎቷን ትታ እሱን እንድትሰማ አታድርጊያት።

ጸጉርን በተመለከተ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥15 ለሴት ክብሯ ነው ይላል። የጥንት አባቶች በጋንግራ ያደረጉት ጉባኤ በ17ኛው ቀኖናው ያወገዘው ግን በመንፈሳዊነት ሰበብ ጸጉራቸውን ይቆርጡ የነበሩትን ነው፤ እናቶቻችንም ለሐዘን ተላጭተው ቅዳሴ ሲቆሙ ያስወጣቸው የለም። ስለዚህ ማሳጠርሽ ከቁርባን ይለይሻል አልልም፤ ደግ አደረግሽም አልልም። ምክንያትሽን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትሽ ያውቃሉና እርሳቸውን ጠይቂ፤ ከመቆረጥሽ በፊት ግን።