«መድኃኒቱ የወንድሜን አንጎል እየገደለው ነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። የሚጥል በሽታ ስላለበት ለዓመታት ፌኒቶይን ሲወስድ ኖሯል፤ ጠዋት 1፣ ማታ 2 እንክብል። ከወር በፊት ሥራ ቦታ ጣለውና ደንግጦ በራሱ ማታ 3 ማድረግ ጀመረ። ከፋርማሲ የምገዛለት እኔ ነኝ። አሁን ሲሄድ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይያያዛል፣ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል ይደፋዋል። ጎረቤት «ጠጥቶ ነው» ይላል፤ እሱ ግን መጠጥ በአፉ አይዞርም። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ መድኃኒቱ ፑርኪንዬ የሚባሉ የአንጎል ሴሎችን እንደሚገድል፣ እነሱም አንዴ ከሞቱ እንደማይተኩ አየሁ። ከትናንት ጀምሮ መድኃኒቱን ደብቄበታለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ከደበቅሽበት አውጪው። ከዚያ ወንድምሽን ይዘሽ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ። ቅዳሜ ይሁን፣ ፈቃድ ልጠይቅ ብሎ ነገር የለም። የቀረውን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ።

የጠየቅሽኝ ስለ ሴል ነው፤ ከጥያቄሽ ሥር ያለው ግን «እኔው እየገዛሁ ወንድሜን አበላሸሁት ወይ?» የሚል ጭንቀት ይመስለኛል። አላበላሸሽውም። ለዓመታት ሳይጥለው ሠርቶ የኖረው አንቺ በምትገዢለት መድኃኒት ነው።

የጻፍሽው ሁሉ፣ መንገዳገዱም የምላሱ መያያዝም፣ ፌኒቶይን ደም ውስጥ ሲበዛ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ጣቱን ወደ ጎን እየወሰደ «ጭንቅላትህን ሳታንቀሳቅስ በዓይንህ ተከተል» ይለዋል፤ ዓይኑ ዳር ላይ ሲደርስ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ እንዲራመድም ይጠይቀዋል፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ወደ ጎን ያዘነብል ይሆናል። ከመጠጥ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ጎረቤትም ይስማው።

አንድ እንክብል ይሄን ሁሉ ያመጣል ወይ ትዪኝ ይሆናል። ያመጣል። ጉበት ፌኒቶይንን የሚያስወግድበት አቅም ወሰን አለው፤ ወሰኑ ላይ ከደረሰ በኋላ መድኃኒቱን ትንሽ ስትጨምሪ ደም ውስጥ ያለው መጠን በዚያው ልክ አያድግም፣ ይዘላል። እንክብሉ ባለ 100 ሚሊግራም ከሆነ ወንድምሽ ከ300 ወደ 400 ሄዷል ማለት ነው፤ በዚህ ጭማሪ ደም ውስጥ ያለው እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው በአንድ ሚሊሊትር ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም ነው። ከ20 ሲያልፍ ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ 30 አካባቢ እግር ይከዳል፣ ከ40 በላይ ሰውየው ይፈዛል፣ ግራ ይጋባል። ሐኪም እንኳ ይህን መድኃኒት ሲጨምር በጥቂት በጥቂቱ ነው። እናንተ ግን ማንንም ሳትጠይቁ ጨመራችሁ፣ አንድ ወር ሙሉ ሲንገዳገድ እያያችሁ ቆያችሁ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ደበቅሽው። ያለ ማዘዣ የሸጠላችሁም ባለ ፋርማሲ ጥፋቱን ይጋራል። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅሽም።

አሁን ወደ ሴሎቹ። ፑርኪንዬ ሴሎች ያሉት ከጭንቅላታችን በስተኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ በሚገኘው ትንሹ አንጎል ወይም ሴሬቤለም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በማይክሮስኮፕ አይቶ የገለጻቸው ቼካዊው ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ ነው። አንዱ ሴል ብቻውን ከ100 ሺህ በላይ ግንኙነቶችን ይቀበላል። ከሴሬቤለም ቅርፊት የሚወጣው መልእክት በሙሉ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው፤ ሥራቸውም ማርገብና መግታት ነው። እነሱ ሲዛቡ እጅ የት ላይ እንደሚቆም ይጠፋዋል። ብርጭቆው የሚደፋው ለዚህ ነው።

አንዴ ከሞቱ አይተኩም ያልሽው እውነት ነው። ግን መድኃኒት ያፈዘዘው ሴልና የሞተ ሴል አንድ አይደሉም። ያፈዘዘው መጠኑ ሲወርድ ይነቃል። ደግሞ ይሄን ልብ በዪ፦ ፌኒቶይን ለሚጥል በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከዚያ በፊት፣ መድኃኒቱ በሌለበት ዘመን፣ በሚጥል በሽታ ሲሰቃዩ ኖረው የሞቱ ሰዎችን አንጎል የመረመሩ ሐኪሞች ፑርኪንዬ ሴሎች ጎድለው አግኝተዋል። ስለዚህ ሴሎቹን የሚጎዳው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ ያልተቆጣጠሩት በሽታም ይጎዳቸዋል። በእርግጥ ፌኒቶይን ለረጅም ጊዜ ከልክ አልፎ ከቆየ ሴሬቤለም ሊሟሽሽ፣ መንገዳገዱም ሳይለቅ ሊቀር ይችላል። ይሄን አልሸፍንልሽም፤ ዛሬውኑ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ግን መጠኑ በጊዜ ሲስተካከልለት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ አካሄዱ ይመለሳል።

መደበቁ የሚያስፈራኝ ከጭማሪው ይበልጥ ነው። በድንገት የተቋረጠ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለ እረፍት የሚደጋገም መጣል ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ሰው ይገድላል።

ከወር በፊት የጣለው ጊዜ ምን እንዳደረጉለት አልጻፍሽልኝም። እኔ ልገምት፦ ክብሪት ጭረው አሸተቱት። እባካችሁ ይሄ ይብቃ! ክብሪት የሚጥል በሽታን አያቆምም። አብዛኛው መጣል ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል፤ ክብሪት የያዘው ሰው ሦስተኛዋን ክብሪት ሲጭር ወንድምሽ ይነቃል፣ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። በየሰፈሩ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ግን አለ። አፍንጫና ከንፈር ይቃጠላል፣ በደንብ የማይተነፍስ ሰው የድኝ ጭስ ይስባል፣ ሰው ሁሉ ላዩ ላይ ተከምሮ አየር ይከለክለዋል። ፑርኪንዬ ሴሎች ደግሞ አንጎል ኦክስጅን ሲያጥረው ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ናቸው። ስለ ሴሎቹ የምትጨነቂ ከሆነ ክብሪቱን ከአጠገቡ አርቂ። ማንኪያ አፉ ውስጥ አይግባ፣ ጥርስ ይሰብራል። እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሎሚ ማስመጠጥም ይቅር። ስለታም ነገር ከአጠገቡ አንሱ፣ የሸሚዙን አንገት ፍቱ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። አንድ ሰው ደግሞ ሰዓት ይይ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ በተገኘው መኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል። አምስት ደቂቃ፣ በሰዓት የታየ፤ በግምት አይደለም።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ። መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ።

ከዛሬ ጀምሮ ስንት እንክብል እንደሚወስድ እኔ ከዚህ፣ አንቺም ከቤት ሆነሽ አንወስንም፤ የሚወስነው አይቶ የመረመረው ሐኪም ነው። ደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ካልተገኘም ሐኪሙ ዓይኑንና አካሄዱን አይቶ መቀነስ፣ ካስፈለገም ወደ ሌላ መድኃኒት በቀስታ ማዛወር ይችላል። የመድኃኒቱን ካርቶን ከነባዶው ይዘሽ ሂጂ፣ ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ምርት ቀይሮ ሰጥቷችሁ ሊሆን ስለሚችል። ሌላ የሚወስደው ካለም ሳትረሺ ተናገሪ። በተለይ ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድና ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል ፌኒቶይንን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ሥራ ቦታ ሲጥለው ጭንቅላቱ ተመትቶ ከነበረም ንገሪያቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሚብስ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ካለው ደግሞ ይሄን ከሁሉ አስቀድሚ።