ወይ ነርሲንግ ወይ ባንድ ላሉህ ሁሉ

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ነው መልስ ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ያነሳኸው ነገር ሁሌም የሚያንገበግበኝ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገር። ዕድሜህ ሃያ ነው፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከወላጆችህ ጋር ትኖራለህ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለነርሲንግ መግቢያ የሚያስፈልጉትን ኮርሶች እየወሰድክ፣ አራት ሆናችሁ ባቋቋማችሁት የፖፕ ፓንክ (ፈጣንና ዜማው የሚያዝ የሮክ ዓይነት) ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ትጫወታለህ፤ ግማሹን ዘፈን የምትጽፈውም አንተ ነህ። የምትጫወቱት ሰው ቤዝመንት ውስጥና ትንንሽ ክለቦች ነው። አሁን ከእናንተ ትንሽ የሚበልጥ ስም ያለው ባንድ ሴፕቴምበር ላይ ለአምስት ሳምንት ቱር እንውጣ፣ ከከተማ ከተማ አብራችሁን ዙሩ ብሏችኋል። ጓደኞችህ «ወይ ትምህርቱን ትተህ ና፣ ወይ ሌላ ቤዝ ተጫዋች እንፈልጋለን» አሉህ። አባትህ ደግሞ «ወይ ትምህርት ወይ ባንድ» አሉ። እናትህ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው አለቀሱ።

አባትህና ጓደኞችህ የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ የሚሉህ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም አንዱን ጣል ነው የሚሉህ። እኔ በዚህ አልስማማም።

የምትጫወቱትን ሙዚቃ መልክ ካስያዙት ባንዶች አንዱ ዲሴንደንትስ ነው፣ መቼም ታውቃቸዋለህ። ካሊፎርኒያ ማንሃታን ቢች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተነሱ ልጆች ናቸው። ድምጻዊው ማይሎ ኦከርማን ነው። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ርዕስ ራሱ ማይሎ ኮሌጅ ሊገባ ነው የሚል ነው፣ ልጁም የእውነት ሄደ። ባዮሎጂ አጥንቶ ዶክትሬቱን ያዘ፣ ከዚያም ዱፖንት የሚባል ኩባንያ ውስጥ ለዓመታት የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኖ ሠራ። ሲመቸው እየተመለሰ አልበም ይቀዳ ነበር፤ በ1985፣ በ1996፣ በ2004። ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ የሰጠው በ2016 ነው። ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የዚያ ዓመት አልበማቸውም ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ላይ ከፍ ብሎ ገባ።

የሌሎቹንም ተመልከት። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ቶኒ ሎምባርዶ ፖስታ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቱር መውጣት ስላልፈለገ ባንዱን ተወ። ጊታሪስቱ ፍራንክ ናቬታ ሙዚቃውን ትቶ ኦሪገን ሄዶ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ከበሮ መቺው ቢል ስቲቨንሰን ደግሞ በ1994 ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ ብላስቲንግ ሩም የሚባለውን ስቱዲዮ ከከፈቱት አንዱ ነው፤ ዛሬ የስንቱ ፓንክ ባንድ አልበም እዚያ ይሠራል። ማይሎ ትምህርት ቤት እያለ የቀሩት ኦል በሚል ስም ሌላ ድምጻዊ ይዘው መጫወታቸውን ቀጠሉ። ማይሎ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀው ነበር። የአንደርግራውንድ፣ ማለትም ከትልቁ ገበያ ውጭ ያለ ባንድ ዕድሜ እንዲህ ነው፤ ይቆማል፣ ሰው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፣ እንደገና ይነሳል። «አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም» የሚሉህ ጓደኞችህ ይህን ታሪክ ከአንተ በላይ ሳያውቁት አይቀሩም።

ሁሉም ሰው የሚያየው ግሪን ደይ የሚባለውን ባንድ ነው። አዎ፣ በርክሊ ውስጥ ጊልማን ስትሪት ካለች ትንሽ ክለብ ተነስተው በ1994 ዱኪ የሚለውን አልበም አወጡና ዓለም አወቃቸው። እዚያው መድረክ ላይ የቆሙት ሌሎች ስንት ባንዶች ግን ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። መጥፎ ስለነበሩ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እንበልና ክለቡ ለአንድ ምሽት ሁለት መቶ ዶላር ሰጣችሁ። ከዚያ ላይ የቫን ኪራይ፣ ቤንዚን፣ ምግብ ቀንስና የቀረውን ለአራት አካፍል። ቲሸርት ካልሸጣችሁ ከኪሳችሁ ነው የምትጨምሩት። ስለዚህ ይህ ሙዚቃ የሚቆየው ሌላ ገቢ ሲኖርህ ነው፣ እና ገቢው ጊዜህን የማይበላ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነርሲንግን የባንድህ ጠላት አድርገህ ማየትህ አናደደኝ። ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ የሙሉ ጊዜ ነርስ በሳምንት ሦስት ቀን የአሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት ነው የሚሠራው። አራት ቀን ያንተ ነው። ከተደራደርክ ሺፍቶችህን አጠጋግተህ አንድ ሳምንት ሙሉ መሄድ ትችላለህ፤ ፐር ዲየም (ቋሚ ሺፍት የሌለው፣ ሲፈለግ የሚሠራ) ከሆንክ ደግሞ የምትሠራበትን ቀን በአብዛኛው ራስህ ትመርጣለህ። እኔ ራሴ እዚህ አገር መጥቼ የተማርኩት ሆስፒታል ሌሊት እየሠራሁ ነው፣ እና ከዘጠኝ እስከ አምስት ቢሮ ከሚቀመጥ ሰው ይልቅ ብዙ ነፃ ቀን ነበረኝ።

እና ቱሩስ? ሂድ። ግን ተመዝግበህ ክላስ ጀምረህ አትጥፋ። ኮሌጁን ሳታሳውቅ ከጠፋህ ኤፍ ሊመዘገብብህ ይችላል፤ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ካቋረጥክ ደግሞ ለትምህርትህ ከተሰጠህ የፌደራል እርዳታ ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል፣ ኮሌጁም ቢሉን ለአንተ ሊልከው ይችላል። ወላጆችህን የሚያስደነግጣቸው ከጊታሩ ይልቅ ያ ቢል ነው። ብዙ ኮሌጆች በሴሚስተሩ አጋማሽ የሚጀምሩ አጫጭር ኮርሶች አሏቸው። ከምዝገባ በፊት አማካሪህን አነጋግር፣ ከቱር መልስ የሚጀምሩ ሁለት ኮርሶች ያዝ፣ የእርዳታ ቢሮውንም ይህ እርዳታህን ይነካ እንደሆነ ጠይቅ። ለጓደኞችህም ቁርጡን ንገራቸው፤ አምስቱን ሳምንት እመጣለሁ፣ ትምህርቴን አልተውም። ይህን ካልተቀበሉ ከመጀመሪያውም የሚፈልጉት አንተን አልነበረም።

አባትህን በአክብሮት አነጋግራቸው፣ ግን «ምረጥ» ሲሉህ ተሳስተዋል፤ ይህን እኔ ብያለሁ በላቸው። የኮርሶቹን ምዝገባ ወረቀት ይዘህ ቅረብ። ልጁ ትምህርት እንደማያቋርጥ በዓይኑ ያየ አባት ሌላ ወሬ ነው የሚያወራው።

እናትህን በተመለከተ፣ አዝማሪ ስድብ አይደለም። ሰርግ ላይ እልል የሚሉለት ሰው ነው። ጥላሁን ገሠሠም ክብር ዘበኛ ሲዘፍን ደሞዝተኛ ነበር፣ ይህን ንገራቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

የቀሩት ጥያቄዎችህ አጭር ናቸው። ትንሿ ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) የላከችላችሁ ውል የቀረጻችሁን ባለቤትነት ለዘላለም የሚወስድ ከሆነ አትፈርሙ፤ ለተወሰነ ዓመት ብቻ ከሆነ ጠበቃ አሳይታችሁ አስቡበት። ዘፈኑን ማን እንደጻፈው፣ ገቢው እንዴት እንደሚካፈል አራታችሁም ከመንገድ በፊት በወረቀት ላይ ፈርሙ፣ ጓደኛሞች ሆናችሁም። የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ በወላጆችህ ፕላን ላይ እስከ 26 ዓመትህ መቆየት ስለምትችል ለቱር ብለህ ሌላ አትግዛ፣ ሌላ ስቴት ውስጥ ምን እንደሚሸፍን ብቻ ደውለህ ጠይቅ። ሬዙሜህ ላይ ባንዱን ጻፈው፤ አምስት ሳምንት መንገድና ሒሳብ ማስተዳደር ሥራ ነው።

የምዝገባው ቀን ከመድረሱ በፊት አማካሪህ ያለህን ጻፍልኝ። የኮርሶቹን ስምና የሚጀምሩበትን ቀን ጨምርበት፣ ከቱሩ ቀን ጋር አብረን እናስተያየው።