የራሴን አሳሳል እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለልጆች ተረት ሥዕል እሠራለሁ። በእርሳስና በውሃ ቀለም ብቻ ስለምሠራ ሥዕሌ የሌላ ሰው ሥዕል ይመስላል። ሌላ ምን ልሞክር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀትሽን ቀይሪ። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ግን ይችላል። ውድ ነው፤ ቆራርጠሽ ተጠቀሚበት።

ከዚያ ነጭ ሻማ ያዢ። መስመር አስምሪበትና ከላዩ የውሃ ቀለም ቀቢ። ሰም ውሃ ስለማይቀበል መስመሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ እዚህ ደሴ የጦሳ ተራራን ጭጋግ የምሠራው እንዲህ ነው፤ በብሩሽ ብቻ ያን ያህል አያምርልኝም።

ዝቃጩ የተጣራ ወፍራም ቡናም ደስ የሚል ቀለም አለው። ግን ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ሥዕሉን ቶሎ ስካን አድርጊው። እናንተ ጋ ሞቃት ስለሆነ ቀለም ቶሎ ይደርቅብሻል፤ ወረቀቱን አስቀድመሽ አርጥቢው።

ታዋቂው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን እንኳ በሸራ ብቻ አልተወሰነም። በፍየል ቆዳም፣ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅም ላይ ሥሏል።

አሁን አንድ ገጸ ባሕርይ ምረጪ፣ ጦጢት ትሁን። በሻማ፣ በቡና፣ በከሰል ሣያት። ለእጅሽ የሚቀልሽን ያኔ ታውቂዋለሽ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ባያት ደስ ይለኛል።