ከተመረቅሽ 8 ወር፣ 60 ማመልከቻ፣ መልስ የለም ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው በሁለት መስመር ልመልስ ነበር፣ ከዛ ሊንኩን ከፍቼ ስራዎችሽን ሳይ ተቀምጬ መጻፍ እንዳለብኝ ገባኝ፣ ስለዚ ይረዝማል። ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በዲጂታል ሚዲያና አርት ከተመረቀች 8 ወር ሆኗታል፣ ከ60 በላይ ቦታ አመልክታ ለኢንተርቪው የጠሯት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ፖርትፎሊዮዋ (ስራዎቿን ሰብስባ የምታሳይበት ገጽ) ላይ ፎቶም ቪዲዮ ኤዲቲንግም 3ዲም ኢላስትሬሽንም አለ፣ ታዲያ ምን ጎደለኝ ነው የምትለው። ደግሞ ኤአይ ሁሉንም ሳይወስደው ሙያ ልቀይር ወይ፣ አንድ ቦታ የአንድ ሳምንት የሙከራ ስራ በነጻ ስሪ ብለውኛል ልስራላቸው ወይ ትላለች።

እኔ ሞሽን ግራፊክስ (ስእልና ጽሁፍ እንዲንቀሳቀስ የማድረግ ስራ) ላይ 11 አመት ሆኖኛል። ያለፉትን 4 አመት ደግሞ ቡድናችን ሰው ሲፈልግ የሚመጣውን ፖርትፎሊዮ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ፣ ስለዚ አመልካችም ሆኜ አይቼዋለሁ፣ መራጭም ሆኜ እያየሁት ነው።

ስራዎችሽን ቆጠርኳቸው፣ 34 ናቸው። ችሎታ አልጎደለሽም፣ ይሄን ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ የቀለም አያያዝሽንና ቪዲዮ ላይ የምትቆርጪበትን ቦታ አይቼ ነው። ችግሩ ከ34ቱ 30ዎቹ ለማን እንደተሰሩ አይታወቅም። ወይ የክፍል አሳይመንት ነው፣ ወይ ቱቶሪያል ተከትለሽ የሰራሽው ነው (ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ጀማሪዎች የሚሰሯትን ዶናት እኔም ሰርቻታለሁ፣ ለመማር በጣም አሪፍ ናት፣ ግን ፖርትፎሊዮ የሚያይ ሰው ሁሉ በየጊዜው ነው የሚያያት)፣ ወይ ደግሞ በራሱ የሚያምር ግን ምን ሊሰራ እንደመጣ የማይናገር ፖስተር ነው። ሶፍትዌር መቻልሽን እኮ የሚቀጥርሽ ሰው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ያየዋል። ከዛ በኋላ የሚፈልገው ሌላ ነው፣ ስራ ብሰጣት ለማን እንደሆነ ትጠይቃለች ወይ፣ የማያስፈልገውን ጨክና ታወጣለች ወይ፣ በቀኑ ጨርሳ ትሰጠኛለች ወይ። 34ቱ ስራ ይሄን አይመልስም።

ይሄ ነገር ለኔ የገባኝ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። እኔም ከተመረቅኩ በኋላ አመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ስራ አልነበረኝም። የአክስቴ ልጅ ያኔ 9 አመቱ ነው፣ አስም አለበት፣ ኢንሄለሩን (በአፍ የሚሳበውን መድሀኒት) በትክክል አይጠቀምም እያለች እናቱ ሁሌ ትጨነቃለች፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ማብራሪያ ለሱ የሚሆን አይደለም። እስቲ አንድ አኒሜሽን ልስራለት አልኩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ነቅንቀው፣ አየርህን አስወጣ፣ ከንፈርህን ግጠም፣ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ እየሳብክ ተጫነው፣ ከዛ ትንፋሽህን 10 ሴኮንድ ያህል ያዝ። እኔ ግን 10 ሴኮንዱ አሰልቺ ሆነብኝ። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ምስል) ብታሰቢው 240 ፍሬም ምንም የማይንቀሳቀስበት ነው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ የተማርነው የሞተ ጊዜ አትተው ነው፣ ስለዚ 3 ሴኮንድ አድርጌ ቆረጥኩት። አሳየሁት። ልጁ እያየ ቪዲዮው ላይ ያለውን ገጸ ባህሪ ተከትሎ ትንፋሹን ያዘ፣ 3 ሴኮንድ ላይ ለቀቀው። እኔ እንዲያምር ብዬ የቆረጥኩትን ልጁ ለሳንባው ተጠቀመበት። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት፣ እውነቴን ነው፣ እስከዛሬ ኤዲት ሳደርግ ትዝ ይለኛል።

ተመልሼ ገባሁበት። 10 ሴኮንዱ መቆየት አለበት ግን ልጁ አይኑን መንቀል የለበትም። መጀመሪያ ክብ ነገር እየሞላ እንዲሄድ አደረግኩ፣ አልገባውም። ከዛ ቁጥር አስቆጠርኩ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሊያነብ ሲሞክር ትንፋሹን ለቀቀው። መጨረሻ ላይ የገጸ ባህሪውን ሁለት እጅ አወጣሁና ጣቶቹ አንድ በአንድ እንዲታጠፉ አደረግኩ፣ በየ24 ፍሬሙ አንድ ጣት። ልጁ ሳልነግረው የራሱን ጣት ማጠፍ ጀመረ። እናቱ አጠገቡ ቆማ ነበር፣ ምንም አላለችም፣ እሷም እያጠፈች ነበር።

ስእሉ ከሌሎቹ ስራዎቼ ሁሉ ደካማው ነበር። ግን ፖርትፎሊዮዬ ላይ ሳስገባው የመጀመሪያውን ባለ 3 ሴኮንድ፣ ክቡን፣ ቁጥሩን፣ ጣቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለምን እንደቀየርኩት ከስር አራት መስመር ጻፍኩበት። ከዛ በኋላ በተጠራሁበት ኢንተርቪው ስለሌላው ስራዬ ምንም አልጠየቁኝም፣ ጣቱ ከየት እንደመጣ ነው የጠየቁኝ፣ ስለሱ ብቻ ሀያ ደቂቃ አወራን። ተቀጠርኩ።

ስለዚ ያንቺን ከ34 ወደ 6 ወይ 7 አውርጂው። ያማል አውቃለሁ፣ አንዱ የአንድ ወር ልፋት ነው። የወጡት አይጠፉም፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ። ለቀሩት ለእያንዳንዱ ለማን እንደሆነ፣ ምን ችግር እንደነበር፣ ምን ሞክረሽ ምን እንደጣልሽ ጻፊ፣ ድርሰት አይሁን፣ ስልክ ላይ ሳይሰለች የሚያልቅ ይሁን። በቡድን የሰራችሁት ላይ ያንቺ ድርሻ የቱ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፣ "ኤዲቲንግና የቀለም እርማት የኔ ነው፣ ካሜራው የኔ አይደለም" ማለት አያሳንስሽም፣ እንዲያውም እኔ እንደዛ የሚጽፍ ሰው ስራ ላይም አይዋሸኝም ብዬ ነው የማስበው። ሪልሽ (ስራዎችሽን ቆራርጠሽ የገጣጠምሽበት ቪዲዮ) 3 ደቂቃ ተኩል ነው፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ፣ ምርጡ መጀመሪያ ላይ ይግባ ምክንያቱም እስከመጨረሻው የሚያይልሽ ጥቂት ነው፣ ድምጹንም አጥፍተሽ እይው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያየው። ጎደለ ካልሽ ደግሞ አዲስ ሁለት ስራ ለራስሽ እዘዢ፣ ግን እንደ ደንበኛ እዘዢ፣ ቀን ቁረጪ፣ መጠን ወስኚ፣ ለምሳሌ ለስልክ የሚሆን 1080 በ1920 ፒክሰል፣ ከ20 ሴኮንድ የማይበልጥ፣ ያለ ድምጽ የሚገባ፣ የሚጠቀምበት አንድ የምታውቂው ሰው ያለው።

ሁሉንም ነገር መቻል ወይስ አንዱን መምረጥ ላልሽው፣ የምትታወቂበት አንድ ይኑርሽ፣ ሌላው በጎን ይደግፍሽ። ያንቺ እኔ እንዳየሁት ነገርን በምስል ማስረዳት ነው፣ 3ዲ አይደለም።

ማመልከቻ ላይ ደግሞ ዝርዝርሽን ሳየው ስቱዲዮና የማስታወቂያ ድርጅት ብቻ ነው። እዛ ሁሉም ተመራቂ ነው የሚሰለፈው። ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙዚየም፣ የእርዳታ ድርጅት፣ የኦንላይን ትምህርት የሚያዘጋጁ ድርጅቶች፣ እነዚህ ሁሉ የሚስልና ቪዲዮ የሚሰራ ሰው ይቀጥራሉ፣ ማስታወቂያው ላይ ግን "አርቲስት" አይሉትም፣ ኮንቴንት ምናምን፣ ኮሙኒኬሽን ምናምን ነው የሚሉት። በዛ ስም ፈልጊ።

ኤአይን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ ጎድቶናል። እ.ኤ.አ በ2022 ምስል የሚያመነጩት ፕሮግራሞች ከወጡ በኋላ በጎን ትንንሽ ኢላስትሬሽን የሚያዙኝ የነበሩ ሁለት ደንበኞች አቁመዋል፣ ያ ስራ የሚመለስም አይመስለኝም። ግን ጣቱን ማሽን አላመጣውም፣ ልጁ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስላየሁ ነው የመጣው። ሌላም ነገር አለ፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው መመሪያ የሰው ፈጠራ የሌለበትን፣ ሙሉ በሙሉ ማሽን ያመነጨውን ነገር አልመዘግብም ብሏል፣ ስለዚ ሎጎውና ገጸ ባህሪው የራሱ እንዲሆን የሚፈልግ ደንበኛ አሁን ከምን እንደተሰራ ይጠይቃል። ከተጠቀምሽ የት ላይ እንደተጠቀምሽ ጻፊ፣ አትደብቂ።

መሳሪያ ይለዋወጣል። እኔ ስጀምር ብዙዎቻችን ፍላሽ የሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ላይ ነበርን፣ በሱ የተሰራውን የሚያጫውተው ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉ ተቋረጠ፣ ታይሚንግ (እንቅስቃሴው መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚቆም) የሚያውቁት ሰዎች ግን እውቀታቸውን ይዘው ሌላ ፕሮግራም ላይ ቀጠሉ። የሶፍትዌር ክፍያ ከብዶኛል ላልሽው ደግሞ ብሌንደር እ.ኤ.አ ከ2002 ጀምሮ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው፣ ነጻ ነው፣ እ.ኤ.አ በ2025 ኦስካር ያሸነፈው ፍሎው የሚባለው አኒሜሽን በሱ ነው የተሰራው። ለመሳል ክሪታ አለ፣ ለኤዲቲንግ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው ቨርዥን ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት በህገወጥ መንገድ የተከፈተ) ሶፍትዌር አትጠቀሚ፣ በተለይ ለደንበኛ ስራ።

የሙከራ ስራውን በተመለከተ፣ እኔ በመጀመሪያው አመቴ ያለ ጽሁፍ የተቀበልኩት ስራ ነበር፣ 14 ጊዜ አስቀየሩኝ፣ መጨረሻ ላይ ዋናውን የፕሮጀክት ፋይል ሳይቀር ወስደው ግማሹን ብቻ ከፈሉኝ፣ ምንም የምይዘው ወረቀት አልነበረኝም። ከዛ ወዲህ ትንሽም ብትሆን በጽሁፍ ነው፣ ሁለት ዙር ማስተካከያ፣ ግማሽ ክፍያ ሳልጀምር፣ የፕሮጀክት ፋይል ከተፈለገ ለብቻው ይከፈላል፣ ፖርትፎሊዮዬ ላይ ማሳየት እችላለሁ። አንቺን ያሉሽ ደግሞ የአንድ ሳምንት ስራ ነው፣ ያውም በራሳቸው ምርት ላይ። የሁለት ሶስት ሰአት ሙከራ ይገባኛል፣ እኛም እንሰጣለን፣ ግን ማንም በማይጠቀምበት ርእስ ላይ ነው የምንሰጠው። ስለዚ በትህትና ጻፊላቸው፣ "ግማሽ ቀን የሚወስደውን ክፍል ሰርቼ ልላክ፣ ሙሉው ከተፈለገ በክፍያ እሰራለሁ" በያቸው። እምቢ ካሉ ሳምንቱን ለፖርትፎሊዮሽ ታውዪዋለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ 22ኛ ላይ ለአያትሽ የሰራሻት የመድሀኒት ሰአት ካርድ አለች አይደል፣ ጠዋቱን በጸሀይ ማታውን በጨረቃ ያደረግሽባት። ከስሯ አንድም ቃል አልጻፍሽባትም፣ ከሁለት የፎቶ ስራዎች መሀል ነው ያስገባሻት። አንደኛ አድርጊያት። አያትሽ መጀመሪያ ሲያይዋት የቱ ጋ እንደተሳሳቱ፣ አንቺስ ምኑን እንደቀየርሽው ጻፊ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ካልጠፋ እሱንም አስገቢው። ሊንኩን እዚሁ ስር መልሰሽ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።